ለሰኔ ሚካኤል ከወንዝ ይውጡ

ሰቆጣ፣ ሰኔ 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ፦

ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ደብሬ ሰላም ብላሻለች። የባሕር ዳር ሙቀት ከከበደሽ ነጠላሽን በውሃ ነክረሽ ተኚ ትላለች። ባሕር ዳርን በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ ምክር ግን አያልቅባትም።

አዎ፣ ወረቀትሽን ከቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የዓመቱን ሙሉ የሥራ ዕቅድ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ጽፈሽልኝ መሄድሽን የሚያይ ሁሉ ይስቃል። እኔም ስቄ ነበር፤ አሁን ግን በየጠዋቱ ፊቱ ቆሜ አነበዋለሁ። ሃያ ዓመት ግንበኛም ተቋራጭም ሆኜ ስኖር የሥራዬን በሽታ እንዲህ አድርጎ ያሳየኝ የለም። ክረምት ሲገባ ሥራ ይቆማል፤ ሰዎቼ ለእርሻ ወደየአገራቸው፣ ወደ ዝቋላና ወደ ፃግብጂ ይበተናሉ። መሥሪያ ቤቶቹ በጀት የሚለቁት በታኅሣሥ ነው። ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ «ለሰኔ ሠላሳ አስረክብ» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ድንጋይ ጠራቢ ፍለጋ ገበያ ለገበያ እዞራለሁ። ግማሹን ዓመት የምበላው አጣለሁ፣ ግማሹን ደግሞ የምበላበት ጊዜ።

እንዳልሽው አሸዋውን ከጥራሬ ወንዝ እያወጣን ነው። ወንዙ ሳይሞላ አሸዋው ግቢ ከገባ ክረምቱን ሙሉ ብሎኬት እናመርታለን፣ ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ድንጋይ እንጠርባለን፣ ሰውም አይበተንም። አሸዋ የሚያወጡት አራት ናቸው፤ አለቃቸው ወንድምሽ እንግዳው ነው። ዐሥራ ሁለት ቢያጆ ብለሻል፣ አይሱዙው እስካሁን ሰባት ጊዜ ተመላልሷል።

ለሰኔ ሚካኤል ከወንዝ ይውጡ ብለሽ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርሽውንም አይቻለሁ። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋው ላይ ከዘነበ ጎርፍ ሳይታሰብ እንደሚደርስ ለእኔ መንገር ባላስፈለገሽ ነበር። ግን ነገርሽኝ፤ ልጅ ሲያድግ ያው እንዲህ ነው። ሚካኤል ሳምንት ነው፣ እናደርሰዋለን።

እንግዳው አጠገቤ ተቀምጧል። ከእሱ አፍ ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደሚለፋ ታውቂያለሽ። ጻፍልኝ ያለኝ ይህችን ብቻ ነው፦ «በደንብ ብዪ። ትምህርቱን ጨርሺ። እኔን አታስቢ።»

መንግሥቴ

---

ባሕር ዳር፣ ሰኔ 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለጋሼ መንግሥቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ደብሬስ እንዴት ናቸው? ነጠላዬን ነክሬ ተኝቼ ጉንፋን ይዞኛል ብለው ይንገሩልኝ፤ ይሳቁ።

ለክረምቱ እንዳይጠብቁኝ፣ የግንባታ ሥልጠናው በክረምትም አያቋርጥም። እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ድረስ ወደ አገር መግባት አልችልም፤ እንዳይቀየሙኝ። መምህራችን ያችን የሲሚንቶ ወረቀት በሌላ ገልብጬ ስላሳየሁት ለክፍሉ አስረጂ አለኝ። ቆሜ አስረዳሁ። «ይህን የሠራሽለት ተቋራጭ ዕድለኛ ነው» አለ። ይህን የምጽፍልዎት እንዲኮሩ እንጂ ደመወዝ እንዲጨምሩልኝ አይደለም።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እንግዳዬ ከወንዝ ወጥቶ፣ ከዳሱ ሥር መሮና መዶሻውን ይዞ ተቀምጧል ብዬ አስባለሁ። የሚካኤል ማኅበሩ ዘንድሮ ለሰኔ እሱ ቤት ነበር አይደል? ማን ጠላውን ጠመቀለት? ወር በገባ በ12 ድንጋይ አልነካም እያለ እንደሚያናድድዎ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ዕቅዱ ላይ የእሱን 12ኛ ቀኖች ሁሉ ባዶ የተውኳቸው። እናትና አባታችን ሲሞቱ ከዝቋላ ሰቆጣ በጀርባው አዝሎ ሲያመጣኝ የተሳለው ስለት ነው፣ እርስዎም ቢቆጡ ቄሱም ቢፈቅዱ አይለውጠውም።

እንግዳዬ አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ስንተኛው ቢያጆ ላይ እንደወጡም ይንገሩኝ።

ልጅዎ ጥሩሐረግ

---

ሰቆጣ፣ ሰኔ 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ጥሩሐረግ፦

ይህን ደብዳቤ አልልከውም። ጽፌ ስጨርስ የሥራ ሥዕሎቹን ከማኖርበት ሣጥን ውስጥ እከተዋለሁ።

እንግዳው የለም። ሰኔ 17 ቀን ጥራሬ ወሰደው። ሦስቱ ወጡ፣ እሱ አልወጣም። በማግስቱ ከታች አገኘነው፤ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቀብረነዋል። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ማን ጠላ ጠመቀለት የምትለዋን ደብሬ ስታነብ ወጥታ ሄደች። ጠላውን የጠመቀችው እሷ ነበረች።

ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩ። መርዶ በወረቀት አይላክም አሉ። መርዶ ማልዶ ዘመድ ተሰብስቦ በር አንኳኩቶ ነው፤ ስትወድቂ የሚይዝሽ፣ አብሮሽ የሚያለቅስ ሰው ከጎንሽ ኖሮ። ባሕር ዳር ማን አለሽ? ሥልጠናዋን እስክትጨርስ አትስማ፣ ከዚህ የሚሄድም ሰው ሁሉ አፉን ይያዝ ተባለ። ሙዓዊያም፣ ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው፣ ለዕቃ ባሕር ዳር ስለሚመላለስ ጠርተው አስማሉት።

እውነቱን ልናገር? ሽማግሌዎቹ እንዲህ ሲሉ ደስ አለኝ። ለአንቺ አዝኜ አይደለም። አንቺን ስለማውቅሽ ነው። ካለቀስሽ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄሽ ቀኑ ስንት ነበር የሚል ነው። ቀኑ ደግሞ ከሚካኤል አምስት ቀን አልፎ ነበር።

መንግሥቴ

---

ሰቆጣ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ፦

እንደምን አለሽ? እኛ ደህና ነን። ደብሬ ሰላም ብላሻለች። መልስ በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

አሸዋው ገብቷል፣ በዐሥረኛው ቢያጆ ነው የወጣነው። ብሎኬቱ ተጀምሯል። ምስጋናው የሚባለውን የፃግብጂ ልጅ ታስታውሺዋለሽ፣ ዳሱን እሱ ይጠብቃል። ዝናቡ ዘንድሮ ብርቱ ነው።

እንግዳው ዝቋላ ሄዷል። የአክስታችሁን እርሻ ሊያግዝ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ አልነገረኝም። ስልክ ቤት ቀጠሮ አትላኪ፣ በዝናቡ መስመሩ ይቋረጣል፤ በከንቱ ትለፊያለሽ።

ትምህርትሽን ያዥ። እሱም የሚለው ይህንኑ ነው።

መንግሥቴ

---

ባሕር ዳር፣ መስከረም 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ መንግሥቴ፦

እንኳን ለዘመን መለወጫ አደረሰዎ። እትዬ ደብሬንም እንኳን አደረሰዎት በሉልኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ አንድ አጭር መልስ ነው የደረሰኝ፤ ያስቀየምኩዎት ነገር ካለ በእግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ። ደመወዝ ያልኩት ቀልድ ነበር።

እንግዳዬስ ምን ሆነብኝ? እርሻ ማገዝ ከሁለት ወር በላይ ይፈጃል? እሱ ሞፈር ከያዘ ስንት ዓመቱ! አሞት ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ።

ሙዓዊያን ገበያ ላይ አግኝቼው ይህን ደብዳቤና አንድ መነጽር ሰጠሁት። ሻይ ልጋብዝህ ስለው ቸኩያለሁ ብሎ መሬት መሬት እያየ ሄደ፤ ድሮ ወሬ የሚወድ ሰው ነበር። መነጽሩ ለድንጋይ ጠራቢዎች የሚሆን ነው፣ ፍንጣሪ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ። አምና እንግዳዬን ግራ ዓይኑን ፍንጣሪ መትቶት ሳምንት ሙሉ ሲያለቅስ እንደነበር አልረሳሁም። አላደርግም ቢልም ያስገድዱልኝ።

ስለ ሥራው፦ በኅዳር ሁሉንም ለአጨዳ አይልቀቁ። የዝቋላዎቹ ማሽላ ስለሚዘገይ መጀመሪያ የፃግብጂዎቹ ይሂዱ፣ እነሱ ሲመለሱ የዝቋላዎቹ። እንዲህ ከሆነ በጀት ሲለቀቅ ሁሉም እጅዎ ላይ ናቸው።

ልጅዎ ጥሩሐረግ

---

ሰቆጣ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ፦

ለረጅም ዝምታዬ ምን ምክንያት ልስጥሽ? ሰነፍኩ ብለሽ ያዥልኝ። አላስቀየምሽኝም። አንቺ እኔን የምታስቀይሚ ልጅ አይደለሽም፣ ይህን ከልቤ ነው የምጽፈው።

ዕቅድሽ ሠራ። እንዲህ ያለ ዓመት አይቼ አላውቅም። ሰዎቹ እንዳልሽው ተራ በተራ ለአጨዳ ሄደው ተመለሱ። በጀቱ ተለቀቀና በሳምንት ውስጥ ሦስት ሥራ ያዝኩ፦ ፃግብጂ ትምህርት ቤት፣ አንድ ጤና ኬላ፣ አንድ የውሃ ገንዳ። ሌሎቹ ተቋራጮች ጠራቢ ፍለጋ ሲንከራተቱ እኔ አራት ሺህ ብሎኬት ደርድሬ ቁጭ ብያለሁ። በክረምቱ ሰው ስላልተበተነ የስንቱ ቤት ጾሙን እንዳላደረ ብታይ! ሚስቶቻቸው ስምሽን እየጠሩ ይመርቁሻል።

መነጽሩ ደርሶታል፣ ልኩ ነው። ከዝቋላ ከተመለሰ ቆየ። ትናንት ፃግብጂ ሄጄ ሥራውን ሳይ ብቻውን ሠላሳ ድንጋይ ጠርቦ ውሏል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ላቡን ሲጠርግ ሳየው አንቺ ትዝ አልሽኝ። ይጻፍልሽ ብዬው ነበር፣ «ደህና ነኝ በላት» ብሎ ወደ ድንጋዩ ዞረ። ያው እሱ ነው።

ደብሬ ጉልበቷን ያማታል። ሰላም ብላሻለች።

መንግሥቴ

---

ባሕር ዳር፣ ጥር 15 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ መንግሥቴ፦

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ዕቅዱ መሥራቱን ሰምቻለሁ።

ሦስቱን ሥራ እኩል አይግፉ። የገንዳው መሠረት ይቅደም፣ ውሃ የሚጠብቀው ሕዝብ ነውና። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰዎቹ ከቀትር በኋላ ይደክማሉ፤ ግንቡን ማልደው ይሥሩ፣ ከሰዓት በኋላ ልስኑንና ቀላል ቀላሉን። የጤና ኬላውን ጣሪያ ከሚያዝያ በፊት ያልብሱት።

የእትዬ ደብሬን ጉልበት እግዚአብሔር ይማርልኝ። ለሁሉም ሰላም በሉልኝ።

ጥሩሐረግ

---

ሰቆጣ፣ መጋቢት 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለጥሩሐረግ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጻፍሽልኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። ገንዳው አልቋል፣ ሴቶቹ ቀድተውበታል። ጣሪያውም ለብሷል።

የጥሩን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሥራ ነው፣ ስለ ሥራ ብቻ። ወንድሜ እንዴት ነው ማለት ትተሻል። ስትጠይቂኝ ጭንቅ ይዞኝ ነበር፤ ስትተዪው ደግሞ ባሰብኝ።

ሥልጠናሽ ሚያዝያ መጨረሻ ያልቃል ብለሻል። እኔና ደብሬ፣ የነፍስ አባታችንም ጭምር፣ መጥተን እንወስድሻለን። የምናወራው አለ። እስከዚያ አደራ፣ ከማንም ወሬ አትስሚ።

መንግሥቴ

---

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ መንግሥቴ፦

እንዳትመጡ። እትዬ ደብሬን በዚያ ጉልበታቸው ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ አያንገላቱብኝ። የምትነግሩኝን አውቄያለሁ።

በታኅሣሥ 13 «ትናንት ሠላሳ ድንጋይ ጠርቦ ዋለ» ብለው ጻፉልኝ። ትናንት 12 ነበር። ደብዳቤውን መንገድ ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እንግዳዬ በሕይወት እያለ በሚካኤል ቀን መሮ አይነሣም። እርስዎም ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁት ነበር፤ ስንት ጊዜ የተጣላችሁበት ነው። የሌለ ሰው ነው እንደፈለጉ የሚያሠሩት።

ሙዓዊያን ባረፈበት ሆቴል ሄጄ ያዝኩት። ምያለሁ ብሎ አልነገረኝም። አለቀሰ። ከእንባው መሐል አንድ ቃል አመለጠችው፤ «ወንዙ» አለ። ያቺ በቃችኝ።

ለምን ዝም አልሽ ይሉኛል። ብመጣ ሰዎቹ ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ለለቅሶ ይቀመጣሉ፤ ገንዳው አያልቅም። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፣ እውነትም ነው። ዋናው ግን ፈርቼ ነው። ከወንዝ አሸዋ እናከማች ያልኩት እኔ ነኝ። በድሮው ልማድ ቢሆን በሰኔ እንግዳዬ ከወንዝ ርቆ ነበር፤ እኔ ዓመቱን ላስተካክል ብዬ ወንዝ ውስጥ አቆምኩት። መምህሩ ዕቅዴን ክፍል ውስጥ ለጥፎት ነበር፤ ማንም ሳያይ ነቅዬ ቀደድኩት። እዚህ ካለ የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን እየሄድኩ ብቻዬን አለቅሳለሁ፤ ሴቶቹ የማን ልጅ ናት ይላሉ። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ግን ወደዚህ ሥራ አልመለስም። እስክሪብቶ በያዝኩ ቁጥር እሱን አያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ቀኑን ይጻፉልኝ። እኔ ባሰመርኩት ቀን ውስጥ ከሆነ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እሸከመዋለሁ። ብቻ አይዋሹኝ።

ጥሩሐረግ

---

ሰቆጣ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ጥሩሐረግ፦

ሰኔ 17 ነው።

አምና የጻፍኩልሽና ያልላክሁት ደብዳቤ ከዚህ ጋር አለ። እዚያ ያልጻፍኩትን አሁን እጽፋለሁ።

ለሚካኤል ዋዜማ ዐሥሩን ቢያጆ ጨርሰን ነበር። ሰዎቹ አካፋቸውን አጥበው ወደ ቤት ገቡ፤ እንግዳው ማኅበሩን በደስታ አወጣ፣ እኔም ከጠላው ጠጣሁ። ነገር ግን ወረቀትሽ ዐሥራ ሁለት ይላል። በየጠዋቱ ፊቱ ስቆም ሁለቱ የጎደሉት ያናድዱኝ ጀመር። የአይሱዙው ባለቤትም መኪናዬ ባዶ ነው አለኝ። አራቱን ጠራኋቸው። ዕቅድሽን እሞላለሁ ብዬ ዕቅድሽን አፈረስኩ።

እንግዳው አልፈለገም ነበር። ያ ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እምቢ ያለኝ በ12ቱ ብቻ ነው፤ ያን ቀን ግን ከመኪናው አልወርድም አለ። «እህቴ በቀይ አስምራለች» አለኝ። «እህትህ ባሕር ዳር ናት፣ እዚህ አለቃህ እኔ ነኝ» አልኩት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ በጣቴ አሳየሁት። ወረደ።

ጎርፉ ሲደርስ እኔ ከላይ መንገዱ ላይ ነበርኩ።

አንድም ቢያጆ አልተጫነም። ዓመቱን የሠራነው በዐሥሩ ነው፤ ትርፍ አሸዋ አሁንም ግቢው ውስጥ አለ። በየቀኑ አልፌው እገባለሁ።

ከዚህ የባሰ አለ። ለቅሶው ላይ ሰው «የእህቱ ዕቅድ ነው የበላው» ሲል ሰማሁ። አፌን ከፍቼ አይደለም ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ። ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ። መርዶው የዘገየው ለአንቺ ታስቦ ነው እያልኩ እኔ ግን ለራሴ ነበር የማዘገየው።

ነገ ስቅለት ነው። ከስግደቱ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ያን ቃል ባሉት ሰዎች ፊት፣ ቀኑን በአፌ እናገራለሁ። ደብሬ ዛሬ ሰምታ ነጠላዋን ለብሳ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

አንቺ አልገደልሽውም። ያሰመርሽው ልክ ነበር።

መንግሥቴ

---

ባሕር ዳር፣ ግንቦት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለጋሼ መንግሥቴ፦

ሁለቱም ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ሙዓዊያም በስቅለት የተናገሩትን ቆሞ ከሰማ ሰው ሰምቶ ነገረኝ፤ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሻይ ጠጣ።

ይቅር ብዬዎታለሁ ብል እዋሻለሁ፣ በእኛ መካከል ውሸቱ ይብቃ። ሌሊት እየተነሣሁ እረግምዎታለሁ። ከዚያ ደግሞ ጫማ የገዙልኝን፣ ፊደል ያስቆጠሩኝን አስታውሳለሁ። የቱ እንደሚያሸንፍ ገና አላወቅሁም።

ሥራውን ግን አልተውም። የዝቋላና የፃግብጂ ሰዎች ዘንድሮም ክረምት ይመጣባቸዋል። አዲስ ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ አሮጌውን ያንሱት። አሸዋው ዐሥር ቢያጆ ነው፣ ያለዎትን ትርፍ ጨምሮ። ወር በገባ የ12ኛው ቀን ሁሉ ባዶ ነው፤ ከእንግዲህ በዚያ ቀን ማንም ድንጋይ አይነካም፣ እርስዎም ጭምር። ቀዩን መስመር ግንቦት 25 ላይ አድርጌዋለሁ።

በ23 ሰቆጣ እገባለሁ። እትዬ ደብሬ ይቀበሉኝ፣ ለቅሶዬን እሳቸው ዘንድ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። መነጽሩን ለማንም ሰጥተውት ከሆነ ያስመልሱልኝ።

በ25 ማለዳ ወንዙ ዳር እቆማለሁ። ሰዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቼ የማወጣቸው እኔ ነኝ።

ጥሩሐረግ